ቀዮቹ ቀናት ሁሉ የጋሽ ሰይድ ነበሩ

አዲሱ ሼማ በተለጠፈ ዕለት አምስት ሠራተኞች በማረፊያ ክፍላችን በር ፊት ቆመን እናየው ነበር። ሼማ የምንለው ማን በየትኛው ቀን ሥራ እንደሚገባ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ነው። በዚህኛው ውስጥ አራት ቀይ ቀናት ነበሩ፤ ስቅለት፣ ፋሲካ፣ የፋሲካ ማግስትና ሜይ አንድ። ስዊድኖች የሕዝብ በዓልን ቀይ ቀን ይሉታል፤ በቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ ስለሚታተም ነው። በአራቱም ቀናት የእኛ ፎቅ ረድፍ ባዶ ነበር። አለቃችን አኒካ ከኋላችን መጥታ እሷም እንደኛ አየችው።

«ስምንት ዓመት እዚህ አለቃ ስሆን ለቀይ ቀን ሰው ፈልጌ አላውቅም» አለች። «እንዴት እንደሚፈለግም አላውቅም።»

ጋሽ ሰይድ ሄደዋል። አልሞቱም፤ ሰው እንዲህ ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ሲያነብ ሞት ስለሚጠብቅ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ፣ እናታቸው ዘንድ ናቸው። ጤነኛ ናቸው። ሞተው ቢሆን ኖሮ አበባ አዋጥተን፣ አንድ ደቂቃ ቆመን እንገላገል ነበር። በሕይወት ላለ ሰው እንዲህ ያለ ሥርዓት ስለሌለ ባዶውን ረድፍ ስናይ ቆየን።

የምንሠራው እዚህ ስዊድን፣ ከስፖንጋ ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ጋሽ ሰይድ ሃያ አልፏቸው ነበር። ሥራችን አንድ ነው፤ አረጋውያኑን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት። የወሎ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከጆሯቸው ጀርባ እርሳስ የማይጠፋ። የፎቁን ቁልፍ በሰማያዊ ገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ፈረቃቸው ሲያልቅ እንደ ሌሎቻችን ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርገውት አይሄዱም። ተረካቢውን ይጠብቁና በሁለት እጃቸው ይሰጡታል፤ «በሰላም ያውልህ» ይላሉ። ስዊድኑም፣ ፊንላንዱም፣ ሶማሌውም ቁልፉን ከእሳቸው ሲቀበል ሳያስበው ሁለት እጁን ይዘረጋል።

ሾርባ ሲያበሉ እፍ ይሉበታል። የቀዘቀዘውንም እፍ ይሉበታል።

«ቀዝቅዟል እኮ ጋሽ ሰይድ» እላቸዋለሁ።

«አውቃለሁ። እፍ ሲባልላት ትበላለች።»

ለሁሉም ነገር መልሳቸው «አብሽር» ነበር። አሳንሰሩ ሲበላሽ አብሽር። ሁለት ሰው ታሞ ቀርቶ ሁለት ሆነን ብቻችንን አሥራ ስምንት ሰው ስናበላ አብሽር። እኔ ይህን ቃል አልወደውም ነበር። ሰው በሚያስጨንቅ ነገር ላይ በሚገባው መጠን መጨነቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ልጆቼንም ያሳደግኳቸው እንዲህ ነው። ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን በራሴ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ አብሽር እያልኩ ብቀመጥ ኖሮ ስምንተኛ ክፍል ላይ እቀር ነበር።

እና ጋሽ ሰይድ በቀይ ቀናት ሁሉ ይሠሩ ነበር። በስዊድን ሕግ ቀይ ቀናት አሥራ ሦስት ናቸው። ሰው ቤተሰቡን ይዞ ወደ ገጠር ሲሄድ እሳቸው በባዶ ባቡር ይመጣሉ። ማንም አላስገደዳቸውም። ሼማው ሲለጠፍ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ያወጡና የሰውን ስም ፍቀው የራሳቸውን ይጽፋሉ። በዚህ ላይ የኛን በዓል ይጨምሩበታል። በየዓመቱ በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ ላይ ይመጡና «ገናህ ያው ጃንዋሪ ሰባት ነው አይደል?» ይሉኛል። «አዎ» እላለሁ። ስሜን ይፍቃሉ። ለፋሲካችንም እንዲሁ። ለመስቀልም እንዲሁ።

የሥራ ባልደረቦቻችን በቀይ ቀን የሚሠራ ጭማሪ ስለሚከፈለው ነው ይሉ ነበር። እኔም እንደዚያ ብያለሁ። ቤቴ ተቀምጬ፣ እሳቸው የኔን ፈረቃ እየሠሩልኝ፣ የገና ዶሮ እየበላሁ ለባለቤቴ «ሰውየው ገንዘብ ይወዳል» ብያለሁ። የኛ ገና ግን በስዊድን ቀይ ቀን አይደለም፤ ተራ የሥራ ቀን ነው፤ አንድ ሳንቲም ጭማሪ የለውም። ይህን ለማሰብ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ልጆቼን «ከመናገራችሁ በፊት አስቡ» እያልኩ የማሳድግ ሰው ነኝ።

ከዚያ የዜግነት ፈተና የሚባለው ነገር መጣ። ዜጋ ለመሆን የሚፈልግ ሰው ስለ ስዊድን ኅብረተሰብ ተፈትኖ ማለፍ አለበት ተባለ። ባለቤቴና ልጆቼ ቀደም ብለው ዜጋ ሆነዋል፤ እኔ ዛሬ ነገ ስል ቆይቼ ተያዝኩ። ከጉዞ ስንመለስ በአየር ማረፊያው እነሱ በአንድ ሰልፍ ያልፋሉ፣ የቤቱ አባወራ በሌላ ሰልፍ ይቆማል። ሻንጣዎቹ ደርሰው እየዞሩ፣ ልጆቼ ተቀምጠው ስልካቸውን እያዩ ይጠብቁኛል። ይህ ለአባት ጥሩ አይደለም።

የጋሽ ሰይድ ጉዳይ ግን ከሰልፍ ያለፈ ነበር። በስደት የመጡ በመሆናቸው የያዙት የጉዞ ሰነድ ለዓለም ሁሉ ይሠራል፤ ለኢትዮጵያ ብቻ አይሠራም። ሰነዱ ላይ እንዲሁ ተጽፏል፤ አሳይተውኛል። እናታቸው እማ ዘሃራ ኮምቦልቻ ናቸው፤ ሰማንያን አልፈዋል፤ ከተያዩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ማንነታቸውን የሚያረጋግጥ ወረቀት እስኪሟላ ዓመታት ሄዱ። ወረቀቱ ተሟላ ሲባል ፈተናው መጣ። ቢወድቁ እንደገና ወረፋ መያዝ አለ፤ እማ ዘሃራ ደግሞ ወረፋ የሚጠብቅ ዕድሜ ላይ አይደሉም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ጋሽ ሰይድ ካለፉ እናታቸውን ያያሉ፣ ካላለፉ ላያዩ ይችላሉ።

በስልክ ሲያወሯቸው ሰምቻለሁ፤ ድምፁን ከፍተው ነው የሚያወሩት።

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«ፈተና አለብኝ እማ።»

«በዚህ ዕድሜህ? ምን ያስተምሩሃል?»

«ብዙ ነው። አሁን በዓላቸውን እያጠናሁ ነው።»

«በዓል ይጠናል እንዴ? ይበላል እንጂ!»

አስተማሪው እኔ ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም፤ ራሴን ሾምኩ። ቅዳሜ ጠዋት ቤተ መጻሕፍት እንገናኛለን። እኔ መጽሐፉን፣ ደብተሬንና ሦስት ቀለም እስክሪብቶ ይዤ እመጣለሁ፤ ጋሽ ሰይድ ያቺኑ እርሳስ ይዘው ይመጣሉ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «የኔታ» ብለው ጠሩኝ። ማሾፍ መሆኑ ይገባኛል፤ አልከለከልኳቸውም።

ስለ ምክር ቤቱ፣ ስለ ፍርድ ቤቱ፣ ስለ ሕፃናት መብት ያለምንም ችግር ሄድን። ጭቅጭቁ የመጣው በዓላት ላይ ስንደርስ ነው።

«የስዊድን ገና መቼ ነው?» አልኳቸው።

«ዲሴምበር ሃያ አራት።»

«ሃያ አምስት።»

«ሃያ አራት ነው የኔታ። ሃያ ዓመት ገበታውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሃያ አምስት ላይ የሚበላው የተረፈው ነው።»

«ሃያ አራት ዋዜማ ነው። በሕጉ ቀይ ቀን አይደለም። መጽሐፉ የሚለው ይህን ነው።»

«መጽሐፉ ፈረቃ ገብቶ ያውቃል?»

በሚድሶማርም እንዲሁ ሆነ። ስዊድኖች በበጋው እኩሌታ የአበባ ጉንጉን ጭነው በምሰሶ ዙሪያ የሚጨፍሩት ዓርብ ነው፤ በቀይ የሚታተመው ግን ቅዳሜ ነው።

«ቅዳሜ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«ይተኛሉ። ራስ ምታት አለ።»

«ይህን ፈተና ላይ ሊጽፉ ነው?»

«ካልጠየቁኝ አልጽፍም።»

«ዕርገትስ? በዕርገት ቀን ምን ይደረጋል?»

«ወፍ ይሰማሉ።»

«ምን?»

«በማለዳ ጫካ ገብተው ኩኩ የምትል ወፍ ይሰማሉ። እማማ ግሬታ ነግራኛለች። ዘንድሮ መውጣት ስላልቻለች መስኮቱን ከፍቼላት አብረን ሰማን።»

«ኩኩዋን?»

«ርግብ ነበረች። አልነገርኳትም።»

እኔ በደብተሬ ላይ «ዕርገት፣ ከፋሲካ በኋላ በዐርባኛው ቀን፣ ሐሙስ» ብዬ ጻፍኩ። ስለ ወፉ አልጻፍኩም። ከዚያ ቁጭ አድርጌ መከርኳቸው። ጋሽ ሰይድ፣ አልኳቸው፣ እርስዎ የሚያውቁት ገበታውን ነው፣ የሚጠየቁት ግን ሕጉን ነው፤ እናትዎን ማየት ከፈለጉ ያዩትን ይተዉና የተጻፈውን ይመልሱ። እስክጨርስ ሰሙኝና «አብሽር የኔታ» አሉ። እኔ አላበሸርኩም። ይህ ሰው አውቆ ሊወድቅ ነው ብዬ ከልቤ ሰጋሁ።

አሁን ስለ እማማ ግሬታ መናገር አለብኝ። በእኛ ፎቅ ጥግ ክፍል የምትኖር የዘጠና አራት ዓመት አዛውንት ናት። እዚህ አገር ትልቅ ሰውም በስሙ ብቻ ስለሚጠራ ግሬታ እንላታለን፤ በመካከላችን ግን እማማ ግሬታ ናት። የመርሳት በሽታ አለባት። ሰውን በጥቁርነቱ ነው መሰለኝ ከሩቅ አገር መምጣቱን ታውቃለች፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ትረሳለች። ስለዚህ በየቀኑ፣ አንዳንዴም በቀን አራቴ፣ ጋሽ ሰይድን አንድ ጥያቄ ትጠይቃቸው ነበር።

«ያንተ ገና መቼ ነው?»

«ገና አልደረሰም፣ ግሬታ» ይሏታል። «ሲደርስ እነግርሻለሁ።»

«እንዳትረሳ» ትላለች እሷ።

እኔን ግን ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ፊቴ የሚጠየቅ ፊት አይደለም መሰለኝ።

በግንቦት መጨረሻ አንድ ረቡዕ ቁርስ እያበላን ነው። ጋሽ ሰይድ ለግሬታ ገንፎ እፍ እያሉላት ነው። ጠየቀቻቸው።

«ያንተ ገና መቼ ነው?»

«ዛሬ ነው» አሏት።

ማንኪያዋን አስቀምጣ እጃቸውን ያዘች። «ዛሬ! ታዲያ ለምን ሥራ መጣህ?»

«አንቺን እንኳን አደረሰሽ ልልሽ።»

አሮጊቷ አለቀሰች። ከዚያ ገንፎውን ጨርሳ በላች፤ ይህ ለእሷ ብርቅ ነበር።

እኔ ተናደድኩ። ኮሪደሩ ላይ ጠብቄ ያዝኳቸው። «ጋሽ ሰይድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ልክ አይደለም። ትረሳለች ተብሎ ሰው አይዋሽም። የርግቧን አልፌዎታለሁ፤ ይህ ግን በአንድ የዘጠና አራት ዓመት ሰው ላይ መቀለድ ነው» አልኳቸው። ትልቅ ሰውን መናገር ከባድ ነው፤ ግን ለእውነት ሲሆን እናገራለሁ፤ ልማዴ ነው።

ዝቅ ብለው አዩኝ፤ በቁመት ይበልጡኛል። «አብሽር የኔታ» አሉና የቆሸሹትን ሳህኖች ይዘው ሄዱ።

አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። የፎቁ በር ተደወለ። ስከፍት ሆዳን ናት፤ ሶማሌያዊት የሥራ ባልደረባችን። ያን ቀን እረፍት ላይ ነበረች። ወርቅማ ቀሚስ ለብሳለች፤ ሁለት ልጆቿም አዲስ ልብስ ለብሰዋል፤ በእጇ የሐልዋ ካርቶን አለ።

«አጎቴ ሰይድ አለ?» አለችኝ በስዊድንኛ። «ከሶላት መልስ ሳልፍ ነው። ፈረቃዬን ወሰደልኝ እኮ። ዒድ ሙባረክ ሳልለው ባልፍ እናቴ ትቆጣኛለች።»

አረፋ ነበር። የጋሽ ሰይድ በዓል ነበር። ለግሬታ የተናገሩት እውነት ነበር፤ ዋሾ ብዬ የገሠጽኳቸው እኔ ነበርኩ የማላውቀው።

በደብተሬ ላይ አሥራ ሦስቱ ቀይ ቀናት ከነምክንያታቸው፣ በሦስት ቀለም ተጽፈው ነበር። የስዊድን ንጉሥ ልደት ቀን ባንዲራ እንደሚሰቀል አውቅ ነበር። አሥር ዓመት ገናዬን፣ ፋሲካዬንና መስቀሌን የጠበቀልኝ ሰው በዓሉ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ረስቼ አይደለም። ጠይቄ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ዕቃ እያጠቡ አገኘኋቸውና ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ይቅርታ መጠየቅ አይቀናኝም፤ አጭር ነበር።

«ምን አጠፋህ?» አሉኝ። «ውሸት መስሎህ ነው። ውሸት ቢሆን ልክ ነበርክ።»

«ግን ለምንድን ነው በራስዎ በዓል የሚሠሩት?»

እጃቸውን አደረቁ። «ኮምቦልቻ አባቴ ሱቅ ነበረው። ጎኑ የጋሽ መኮንን ሱቅ ነው። ገና ሲሆን ጋሽ መኮንን ቁልፋቸውን አምጥተው ለአባቴ ይሰጡታል፤ እሱ ሁለቱንም ሱቅ ከፍቶ ይውላል። ዒድ ሲሆን አባቴ የኛን ለጋሽ መኮንን ይሰጣል። በዓል የሚያከብር ሰው ጨው ቢጎድለው፣ ሻማ ቢያልቅበት፣ ሱቅ ተዘግቶ አያውቅም። ሁሉም እኩል ካከበረ ማን ይሸጥለታል?»

«ታዲያ እዚህ እርስዎ ቁልፍዎን ለማን ይሰጣሉ?»

እጃቸውን ያደረቁበትን ፎጣ አጣጠፉ። የተቀየሙ አይመስሉም ነበር። «የጠየቀኝ የለም» አሉ። «ዘንድሮ ደግሞ ሆዳን ልጆች አሏት።»

ወዲያው ደብተሬን አወጣሁ። «የሚቀጥለው ዒድ መቼ ነው? ስንት ቀን? ልጻፈው፤ እኔ እገባልዎታለሁ።»

«ረመዳን ሲያልቅ።»

«ቀኑን ይንገሩኝ።»

«ጨረቃ ስትታይ ነዋ የኔታ።»

«ጋሽ ሰይድ፣ ሼማ የሚወጣው ከሦስት ወር በፊት ነው። ጨረቃ ስትታይ ብዬ ለአኒካ ምን ብዬ ልንገራት?»

«አብሽር» አሉኝ።

ፈተናው በመከር ወር ደረሰ። የሁለታችንም ቀጠሮ በአንድ ቀን ዋለና አኒካ ራሷ ፎቁ ላይ ገብታ ስታበላ ዋለች። በባቡር ስንሄድ ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቅኳቸው።

«የስዊድን ገና መቼ ነው?»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «በመጽሐፉ ሃያ አምስት ነው» አሉ። «እናቴን ማየት እፈልጋለሁ።» ከዚህ በኋላ ምንም አልጠየቅኳቸውም።

ውጤቱ መጣ። ጋሽ ሰይድ አለፉ። እኔ ወደቅኩ።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም ነበር፤ አሁን ልናገር። ሰው ሲያጠና በሚያስብበት መንገድ ነው የሚያጠናው። የኔ ጭንቅላት የሚያስበው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ ቀናቱን ሁሉ በደብተሬ በዚያው ነበር የጻፍኩት። የስዊድን ብሔራዊ ቀን፣ ግንቦት 29። የሠራተኞች ቀን፣ ሚያዝያ 23። ገናቸው ታኅሣሥ 16፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን 15። ፈተናው ላይ ጥያቄው ሲመጣ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን ወደ እነሱ አቆጣጠር መመለስ አለብኝ። በጣቴ እቆጥራለሁ፤ ደግሞ እጠራጠራለሁ፤ ጳጉሜን ዘንድሮ ስንት ነበረች ብዬ እንደገና እቆጥራለሁ። ጋሽ ሰይድ ግን ብሔራዊ ቀን ሲባሉ በጁን ስድስት በየሳህኑ አጠገብ የሰኳትን ትንሽ ባንዲራ አስታወሱና አለፉ። እኔ ጊዜ አለቀብኝ። ሰባት ጥያቄ ሳልነካ ቀረሁ።

አንድ ሳምንት ሙሉ ምንም አላሉኝም። በሁለተኛው ሳምንት «የኔታ» ብለው ጠሩኝ፤ ልክ እንደ በፊቱ፣ አንድም ነገር ሳይጨምሩበት። ይህን ውለታ ከሌላው ሁሉ አብልጬ እቆጥረዋለሁ። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን እመክራቸው ነበር።

ውሳኔያቸውን ሲጠባበቁ ረመዳን መጣ። ሼማው ሲወጣ መስጊድ ከሚታደል የቀን መቁጠሪያ ላይ ቀኑን አይቼ ሐሙስ ዒድ ነው ብዬ ወሰንኩ። እርሳስ ተውሼ የጋሽ ሰይድን ስም ፍቄ የኔን ጻፍኩ። በሕይወቴ የሰው ፈረቃ በፈቃዴ ስወስድ የመጀመሪያዬ ነበር። አየር የጠበበኝ እስኪመስለኝ ኮራሁ። ለባለቤቴ ነገርኳት። ለልጆቼ በእራት ሰዓት ስለ ጉርብትና አጭር ንግግር አደረግኩ።

ሐሙስ ዕለት በማለዳ ሥራ ገባሁ። ቁልፉን ተረከብኩ። ስልኬን አውጥቼ ለጋሽ ሰይድ «እንኳን አደረሰዎ!» ብዬ ደወልኩላቸው።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አሉ፤ ድምፃቸው ደከም ያለ ነው። «ነገ ነው ግን።»

«ምኑ?»

«ጨረቃዋ ትናንት አልታየችም። ዛሬም ጾም ነው።»

ዓርብ ዕለት፣ በዒድ፣ ጋሽ ሰይድ እንደ ሼማው ሥራ ገቡ። ለመቀየር ጊዜ አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ዓርብ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ነበረኝ። ሰውየውን በጾም ቀን አሳረፍኳቸው፤ በበዓላቸው ቀን አሠራኋቸው። ሰኞ ስንገናኝ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ጋሽ ሰይድ ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ፤ እርሳሳቸው ከጆሯቸው እስኪወድቅ ድረስ ሳቁ። በሃያ ዓመት ውስጥ ቁልፉን የጠየቀኝ አንድ ሰው ተገኘ፣ እሱም በማይሆን ቀን ጠየቀኝ እያሉ ለሁሉም አወሩ።

በመከሩ ማብቂያ ውሳኔው መጣ፤ ከዚያ ፓስፖርቱ። ያቺን «ከኢትዮጵያ በስተቀር» የምትል መስመር ፈልገን አንድ በአንድ ገጹን ገለጥን። የለችም። ለአንድ ወር ብለው ሄዱ፤ ከወሩ በኋላ ለአኒካ ደብዳቤ ጻፉ። እናታቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ ሃያ ዓመት የሰው እናት ሲያጥቡ ስለኖሩ ሥራው አይከብዳቸውም። ከመሄዳቸው በፊት በነበረው የመጨረሻ ፈረቃቸው ቁልፉን ከእሳቸው የተረከብኩት እኔ ነበርኩ። በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «በሰላም ያውልህ የኔታ» አሉ። እኔም ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ትቼው ሁለት እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ።

ከኮምቦልቻ አልፎ አልፎ የድምፅ መልእክት ይልካሉ። በመጀመሪያው መልእክት ላይ የእማ ዘሃራ ድምፅ ነበረበት።

«ያስተማረህ ሰው ይሄ ነው?» ይላሉ እናት።

«አዎ እማ። የኔታ እሱ ነው።»

«እሱስ አለፈ?»

«ወደቀ።»

«ወይኔ! አብሽር በለው።»

ወደ ባዶው ሼማ ልመለስ። አምስታችንም ቆመን ስናየው አኒካ መልስ ትጠብቅ ነበር። ስቅለትንና ፋሲካን እኔ ወሰድኩ፤ የነሱና የኛ በዘንድሮው የተለያየ ስለሆነ አልከበደኝም። የቀሩትን ሌሎች ተካፈሉት፤ እያቅማሙ ነው፣ ግን ተካፈሉት። ከዚያ ሰው ሁሉ ሲሄድ በሼማው ላይ በቀይ ያልታተመውን ቀን ፈለግኩ። የረመዳን ማለቂያ። ሆዳን በሁለቱም ቀናት ተጽፋለች፤ ልጆች አሏት። እርሳስ አወጣሁ። አሁን ከጆሮዬ ጀርባ እይዛለሁ፤ ልጆቼ ይስቁብኛል። የመጀመሪያውን ቀን ፍቄ ስሜን ጻፍኩ። ሁለተኛውንም ፍቄ ስሜን ጻፍኩ። አኒካ አይታ ሁለት ቀን ለምን አስፈለገ አለችኝ። ጨረቃዋ ስላልታወቀች ነው አልኳት። «እሺ» አለችና ሄደች።

ትናንት አመሻሽ ላይ ለግሬታ ሾርባ እያበላሁ ነበር። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ዘጠና ስድስት ሆናለች፤ ምግብ እየቀነሰች ነው። ሾርባው ቀዝቅዟል። እፍ አልኩበት። አንድ ማንኪያ ወሰደችና ፊቴን ትኩር ብላ አየችው።

«ያንተ ገና መቼ ነው?» አለችኝ።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ መጠየቄ ነው። «የኔ ባለፈው ጃንዋሪ ሰባት ነበር ግሬታ» አልኳት።

«የዚያ የረጅሙስ?»

ስልኬን አየሁ። ስለ ጨረቃዋ ከሆዳንም ከኮምቦልቻም ገና መልእክት አልመጣም።

«ነገ ነው» አልኳት። «ነገ ካልሆነም ከነገ ወዲያ። ሁለቱንም ቀን እዚሁ ነኝ።»